ለአንድ ተከታታይ ፊልም ያደሩ ሰዎች፦ ፍቅሩ ባለቤትነት የሚሆነው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1968 ምሽት ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያልተለመደ ነገር አደረገ። በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከው የ«ስታር ትሬክ» የዕለቱ ክፍል እንዳለቀ አንድ ድምፅ ገባና ተከታታይ ፊልሙ እንደማይቋረጥ ለተመልካቹ አረጋገጠ። ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ነገር በአየር ላይ አይናገሩም። ኤንቢሲ ግን መላ አጥቶ ነበር። ራሱ በቆጠረው መሠረት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ115,000 በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ደግሞ የካልቴክ (የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም) ተማሪዎች በርባንክ እስከሚገኘው ሕንፃው ድረስ በሰልፍ መጥተውበታል።

ዘመቻውን የመሩት ቢጆ እና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሥልጣን የላቸውም፤ የፊልም ሰዎችም አይደሉም። የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች ናቸው፤ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ያውቃሉ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። አንድ ሰው ለጣቢያው ይጻፍ፤ ከዚያ አሥር ሰው እንዲጽፍ ይጠይቅ። እነዚያ አሥሩም እያንዳንዳቸው ሌላ አሥር ይፈልጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ይኼ ነው።

ድሉ መጀመሪያ ሲታይ ድል አይመስልም ነበር። ሦስተኛው ሲዝን ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተጣለ። የፊልሙ ዋና ተመልካች የነበሩት ወጣቶች በዚያ ሰዓት ቤት አይገኙም። በጀቱም ተቀነሰ። ጁን 1969 ላይ ፊልሙ አበቃለት። ነገር ግን ያቺ አንዲት ተጨማሪ ዓመት 24 ክፍሎችን ጨመረች፤ 55 የነበረው ቁጥር 79 ደረሰ። ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም ነበረው። በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች አንድን ፊልም በየቀኑ እየደጋገሙ ለማሳየት የሚገዙት በቂ ክፍሎች ሲኖሩት ነው። ስታር ትሬክ በድጋሚ ስርጭት ነፍስ ዘራ። በመጀመሪያው ዙር ያላዩት ሰዎች ከትምህርት ቤትና ከሥራ ሲመለሱ አገኙት። ጃንዋሪ 1972 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ የአድናቂዎች ጉባኤ ሲጠራ አዘጋጆቹ ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ብለው ነበር፤ ከ3,000 በላይ መጣ። በ1976 አድናቂዎቹ እንደገና ደብዳቤ አዘነቡ፤ በዚህኛው ዙር ለዋይት ሀውስ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድም «ኮንስቲትዩሽን» ሊባል የነበረውን የመጀመሪያውን የናሳ ስፔስ ሻትል (ተመላላሽ የጠፈር መንኮራኩር) «ኢንተርፕራይዝ» እንዲባል አደረጉ፤ በፊልሙ ውስጥ ባለችው መርከብ ስም ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው? የብዙ ሰው መልስ «ያበዱ» የሚል ነው። ለቴሌቪዥን ፊልም ይህን ያህል ምን አደከማቸው ይባላል። ጤነኛው ፍቅርና በሽታው የሚለዩት በመጠን እንደሆነ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ትንሽ ከወደድክ ደህና ነህ፣ ብዙ ከወደድክ አንድ ነገር ሆነሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነውን የዚህን የአድናቂዎች ዓለም ታሪክ ስመለከት የማየው መለያ መጠኑ ጋ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ሰውየው የፊልሙን ሠሪዎች እንደ ባለዕዳዎቹ ይቆጥራል ወይ የሚለው ነው። ሙሉ ሕይወቱን ለአንድ ፊልም ሰጥቶ ማንንም የማይጎዳ ሰው ሞልቷል። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ አይቶ ተዋናይን በስድብ የሚያሳድድም አለ።

ለምን ሳይንስ ልብወለድ?

ፍቅር ተከታታይ ድራማ ሁሉ ጋ አለ። እንዲህ ሥር የሚሰደው ግን በብዛት የሳይንስ ልብወለድ ላይ ነው። አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። ሁጎ ገርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ መጽሔት አሳትሞ ነበር። መጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ሲያወጣ የጸሐፊዎቹን አድራሻ አብሮ ያትም ነበር። ይህች ትንሽ የሕትመት ልማድ ብዙ ነገር ለወጠች። አንባቢው ለመጽሔቱ መጻፉን ትቶ በቀጥታ ለሌላው አንባቢ መጻፍ ጀመረ። ክበቦች ተፈጠሩ፤ በእጅ የሚባዙ ትንንሽ መጽሔቶች መጡ። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ተካሄደ፤ የወደፊቱን ዘመን ልብስ አሰፍተው ለብሰው የመጡም ነበሩ። ዛሬ ኮስፕሌይ የምንለው ነገር የዚያን ያህል ዕድሜ አለው። ስታር ትሬክ ሴፕቴምበር 1966 ሲጀምር አብሮ መሰብሰብ የሚያውቅ ሕዝብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ሁለተኛው ምክንያት የታሪኩ ባህርይ ነው። የሰፈር ድራማ የምናውቀውን ዓለም ይዞ ይመጣል። የሳይንስ ልብወለድ ግን አዲስ ዓለም መሥራት አለበት፤ ሕጉን፣ ቋንቋውን፣ ካርታውን፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ጭምር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ጨርሶ የሚያሳይ የለም። ክፍተት ይቀራል። አድናቂው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። መርከቧ ስንት ፎቅ አላት? ያ ዘር ሲያገባ ሥርዓቱ ምንድን ነው? ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ለስታር ትሬክ ፊልሞች ክሊንጎን የተባሉትን የሌላ ፕላኔት ፍጡራን ቋንቋ ሠራ፤ መዝገበ ቃላቱም በ1985 ታተመ። ከዚያ በኋላ ቋንቋውን አጥንተው የሚነጋገሩበት ሰዎች ተነሱ፤ በ1992 ደግሞ የራሱ ተቋም ተመሠረተለት። አንድ ደራሲ ያልጨረሰውን ዓለም ብዙ ሺህ ሰው ሲጨርሰው ማየት ለእኔ የሚያስገርም ነገር ነው።

ሦስተኛም አለ። እነዚህ ፊልሞች ስለ ነገ ነው የሚያወሩት። በ1966 ኒሼል ኒኮልስ የተባለች ጥቁር ተዋናይት በዚያች መርከብ ላይ የመኮንን ወንበር ይዛ መቀመጧ ለብዙ ልጆች ቀላል ነገር አልነበረም። በ1977 ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ሲመለምል ቅስቀሳውን ያገዘችው ይህችው ተዋናይት ናት። በ1992 ጠፈር የደረሰችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜ ጄሚሰን የስታር ትሬክ ወዳጅ ነበረች። የሥራ ፈረቃዋን የምትጀምረውም የፊልሟ መኮንን በምትለው ቃል ነበር።

በቴፕ የዳነ ፊልም

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» ታሪክ ነው። ይህ ተከታታይ ፊልም ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ጀመረ። በዚያን ጊዜ የምስል ቴፕ ውድ ነበር። ፊልምን ደጋግሞ ማሳየትም ከተዋናዮች ማኅበር ጋር በተደረገ ስምምነት የተገደበ ነው። ስለዚህ ቢቢሲ የተላለፉ ፕሮግራሞችን እያጠፋ በቴፑ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ይህን የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ የገመተ አልነበረም። በዚህ መንገድ በ1960ዎቹ ከተሠሩት የዶክተር ሁ ክፍሎች ወደ 100 የሚጠጉት ምስላቸው ጠፋ።

ድምፃቸው ግን አልጠፋም። የሁሉም የጠፉ ክፍሎች ድምፅ ዛሬ አለ። ያዳኑት አድናቂዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጆች ነበሩ። ቪዲዮ መቅጃ በየቤቱ በሌለበት ዘመን የቴፕ መቅጃቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ማይክሮፎኑን ወደ ድምፅ ማጉያው ያስጠጋሉ። ቤተሰቡ ትንፍሽ እንዳይል ይለመናል። ቅዳሜ ማታ ይህን ሲያደርግ የነበረ ልጅ ለታሪክ እያስቀመጠ መሆኑን አያውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ሊሰማው ፈልጎ ነው። በኋላ ቢቢሲ የጠፉ ታሪኮችን በአኒሜሽን መልሶ ሲሠራ የተጠቀመው እነዚያን የቤት ቅጂዎች ነው። አድናቂዎች ለዓመታት የፊልም ቅጂ ፍለጋ ሲሉ የአሮጌ ጣቢያ መጋዘን ሲያስሱም ኖረዋል። በ2013 ናይጄሪያ ውስጥ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ይፋ ሆነ።

በስታር ትሬክ በኩል ደግሞ መጽሔቶቹ አሉ። በ1967 ፊልሙ ገና በስርጭት ላይ ሳለ የፊልሙ ገጸ ባህርይ በሆነው በስፖክ ስም የተሰየመ መጽሔት ወጣ። አዘጋጆቹ ሴቶች ነበሩ። ይህን ጎላ አድርጌ የምናገረው የሰዉ ግምት ሌላ ስለሆነ ነው። የሳይንስ ልብወለድ አፍቃሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እናቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሰው የማይቀላቀል ወንድ ነው። በ1986 አንድ የታወቀ የአሜሪካ ኮሜዲ ፕሮግራም ይህን ሥዕል ለዓመታት በሰው ጭንቅላት ቀረፀው፤ የስታር ትሬክ ዋና ተዋናይ ዊልያም ሻትነር ራሱ ወጥቶ አድናቂዎቹን ሕይወት ይኑራችሁ እያለ ሲቆጣ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ የስታር ትሬክ መጽሔቶች የወጡት ግን በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው፤ አስተማሪዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ የቤት እመቤቶች።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ጽሑፉ በታይፕ ስቴንስል ላይ ይመታል። ፊደል ከተሳሳትክ በፈሳሽ ደፍነህ፣ እስኪደርቅ ጠብቀህ፣ እንደገና ትመታለህ። ከዚያ ስቴንስሉ ማባዣው ላይ ይጠመጠማል፣ ቀለም ይገባል፣ እጀታው ይዞራል። ጣቶች ጠቁረው ይውላሉ። ገጾቹ ጠረጴዛ ላይ በተራ ይደረደሩና ጓደኛሞች ዙሪያውን እየዞሩ አንድ አንድ እያነሱ ያጠራቅማሉ። በስቴፕል ተመቶ በፖስታ ይላካል። ትርፍ የለውም፤ የወረቀቱን ዋጋ ከመለሰ ጥሩ ነው። በዚህ ሥራ ስንቱ መጻፍ ለመደ፣ ስንቱ አርትዖት ተማረ። በ1968 ከጓደኞቿ ጋር እንዲህ ያለ መጽሔት ያወጣችው ሎይስ ማክማስተር ቡጆልድ በኋላ የታወቀች ደራሲ ሆና፣ በዘርፉ ትልቁ የሚባለውን የሁጎ ሽልማት በረጅም ልብወለድ ብቻ አራት ጊዜ ወሰደች። አድናቂዎች ራሳቸው ያቋቋሙት የድርሰት ማኅደርም በ2019 ያንኑ ሽልማት አግኝቷል።

ያው ሰዓት፣ ሁለት ዓይነት ፍቅር

ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ከቆዩ ጀምረው ነው ያጠኑት። ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል በ1956 ባወጡት ጽሑፍ የቴሌቪዥን ተመልካች ከማያውቀው ሰው ጋር የወዳጅነት ስሜት እንደሚያዳብር አሳዩ። ግንኙነቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ያውቀዋል፣ እሱ ተመልካቹን አያውቅም። ይህ በራሱ ሕመም አይደለም። ሁላችንም አለብን። በየሳምንቱ ሳሎንህ የሚመጣን ፊት አእምሮህ እንደ እንግዳ ሰው ሊቆጥረው አይችልም።

ለእኔ ነገሩን ያጠራልኝ ግን የካናዳው ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሰው አጥብቆ የሚወደው ነገር ሲኖረው ፍቅሩ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል ይላሉ። አንደኛው ከቀረው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው። ሰውየው ይወደዋል፣ ብዙ ሰዓት ይሰጠዋል፣ ግን የሚመራው እሱ ነው። ሲፈልግ ይተወዋል፤ ሥራና ቤተሰብ ቦታቸውን አይለቁም። ሁለተኛው ግን ሰውየውን ይነዳዋል። ክብሩ፣ ማንነቱ፣ በሰው ዘንድ ያለው ቦታ ሁሉ በዚያ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። ማቆም ቢፈልግም አይችልም፤ ካቆመም ይጨንቀዋል።

ሁለቱን ከውጭ ስታያቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሁለቱም አንድን ክፍል ደጋግመው አይተዋል፤ ሁለቱም የገጸ ባህርያቱን የዘር ሐረግ በቃላቸው ይወጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ፊልሙ ባልጠበቁት መንገድ የሄደ ቀን ነው። የመጀመሪያው ይናደዳል፣ ይተቻል፣ ምናልባት የራሱን የተሻለ መጨረሻ ይጽፋል። ሁለተኛው የተነካው እሱ ራሱ ነው። የገጸ ባህርይው ሞት የእሱ ውርደት ይሆናል። ጥፋተኛም ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር የመጣ አይደለም። በ1982 በወጣው የስታር ትሬክ ፊልም ስፖክ እንደሚሞት አስቀድሞ ወሬው ወጣ። ከአድናቂው ወገን የተነሳው ተቃውሞ ከባድ ነበር። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሜየር የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይደርሰው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በፖስታ፣ ቴምብር ተለጥፎበት። ያንኑ ፊልም በደብዳቤ ያዳነ ማኅበረሰብ ነው።

እዚህ ጋ የክሪስ ቺብናልን ታሪክ ማንሳት ግድ ይለኛል። በ1986 መጨረሻ ቢቢሲ «ኦፕን ኤር» በተባለ ፕሮግራሙ ላይ የዶክተር ሁ ወጣት አድናቂዎችን ጋበዘ። ቺብናል ያኔ የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነው። ደራሲዎቹ ፒፕ እና ጄን ቤከር ባሉበት፣ አፉን ሞልቶ፣ ታሪኩ የተሻለ መሆን ይችል እንደነበር ተናገረ። ይሉኝታ አልያዘውም፤ አልተሳደበምም። ቅሬታውን በምክንያት አቀረበ። በ2018 ይኸው ልጅ የዶክተር ሁ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ጆዲ ዊተከርን የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር (ዶክተሩ የፊልሙ ዋና ገጸ ባህርይ ነው) አድርጎ አመጣ። በ2020 የዶክተሩን አመጣጥ የሚቀይር ታሪክ ሲያቀርብ ደግሞ የአድናቂ ቁጣ በእሱ ላይ ዘነበ። ከእሱ በፊት ፊልሙን በ2005 ያስነሳው ራስል ቲ ዴቪስ፣ ቀጥሎ የመጣው ስቲቨን ሞፋት፣ ተዋናዮቹ ዴቪድ ቴናንትና ፒተር ካፓልዲ፣ ሁሉም በልጅነታቸው የዚያው ፊልም ፍቅር ያደረባቸው ናቸው። ካፓልዲ በ15 ዓመቱ ለመጽሔት የጻፈው የአድናቆት ደብዳቤ ታትሞለታል። ይህ ፊልም ዛሬ በሕይወት ያለው አድናቂዎቹ አድገው ስለተረከቡት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ትችት ይኑር። እንዲያውም ይብዛ። ፊልሙን ከሠሪዎቹ አስበልጦ የሚያውቅ ተመልካች መኖሩ ለሥራው በረከት ነው። ቺብናል በ1986 ያደረገውና የተዋናይትን ገጽ በዘር ስድብ መሙላት ግን በአንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም። ሁለቱን «የአድናቂ ቅሬታ» ብለው አንድ ላይ የሚጠሩ ሰዎች ተሳዳቢውን እየሸፈኑት ነው።

ስድቡ የሚያርፍበት ሰው

አህመድ ቤስት በ1999ኙ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ጃር ጃር ቢንክስን ሆኖ ሠራ። ገጸ ባህርይውን የጠላ ሰው ብዙ ነበር፤ መጥላት መብት ነው። ጥላቻው ግን ወደ ተዋናዩ ዞረ። በ2018 ቤስት በዚያ ዘመን ሕይወቱን ሊያጣ ተቃርቦ እንደነበር ለሕዝብ ተናገረ። ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የሚያየው። በ2023 ቤስት «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ላይ ጄዳይ የተባለውን ዓይነት ተዋጊ ሆኖ ብቅ ሲል ግን የተቀበለው ደስታ ነው። በ1999 ልጅ የነበሩት አድገዋል፤ ጃር ጃር ለእነሱ የልጅነት ትዝታ ነው።

ኬሊ ማሪ ትራን ተራዋ በ2017 ደረሰ። በስታር ዋርስ ፊልም ትልቅ ሚና ያገኘች የቬትናም ስደተኞች ልጅ ናት። የዘርና የሴትነት ስድቡ ስላላቆመ በ2018 ኢንስታግራሟን ባዶ አደረገችው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በኒው ዮርክ ታይምስ በጻፈችው ጽሑፍ ከስድቡ በላይ የጎዳት ስድቡን ማመን መጀመሯ መሆኑን ገለጸች። በ2022 ሞዝስ ኢንግራም በሌላ የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ስትመጣ ያው ነገር ተደገመ። እሷ ግን አንድ ነገር ጨምራ ተናገረች፦ ይህ ሊደርስባት እንደሚችል የፊልሙ ኩባንያ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ዋናው ተዋናይ ኢዋን ማግሪገር በቪዲዮ ወጥቶ እንዲህ ያለ መልእክት የሚልክ ሰው የስታር ዋርስ አድናቂ አይደለም አለ።

ማግሪገር የተናገረው ከልቡ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ትብብሩም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን እውነቱ እንደዚያ የሚመች አይመስለኝም። ከሚሳደቡት መሀል ፊልሙን አንዴም ያላዩ እንዳሉ ሁሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አሻንጉሊቱን ሲሰበስቡ የኖሩም አሉ። ፍቅራቸው የውሸት ስላልሆነ ነው ነገሩ የሚከብደው። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት የወደደውን ነገር የራሱ ርስት አድርጎ ያየዋል። አዲስ ሰው ሲገባበት ደግሞ እንደ ወራሪ ይቆጥረዋል። የገባችው ሴት ወይም ጥቁር ስትሆን ቁጣው የሚበረታው ለምን እንደሆነ ማንም ይገባዋል።

ጩኸት የሚያዋጣበት ጊዜ

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አድናቂው ብቻ ነው ካልን ግን ግማሹን ትተናል። ኩባንያዎቹ ጩኸት እንደሚሠራ ደጋግመው አስተምረዋል። ሜይ 2018 ላይ «ዘ ኤክስፓንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ በሳይፋይ ጣቢያ ተሰረዘ። አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በአማዞን ሕንፃዎች ላይ ፊልሙን አድኑት የሚል ጽሑፍ የሚጎትት አውሮፕላን አበረሩ። ወሩ ሳያልቅ ጄፍ ቤዞስ ራሱ፣ ተዋናዮቹ በተቀመጡበት አዳራሽ፣ ፊልሙ መዳኑን አበሰረ። ሦስት ሲዝን ተጨመረለት። እጅግ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የትሪምብሎች ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ጩኸት ሁሉ እንዲህ ያለ ጨዋ ጩኸት አለመሆኑ ነው። ደብዳቤ ጊዜ ይወስዳል። ቁጭ ብለህ ታስባለህ፣ ትጽፋለህ፣ ፖስታ ቤት ትሄዳለህ። እስከዚያ ንዴቱ ይበርዳል። ዛሬ ንዴቱና መልእክቱ መሀል የሁለት ሰከንድ ርቀት ነው ያለው። በዚያ ላይ ንዴት ገንዘብ ያመጣል። «ይህን ፊልም እንዴት እንዳበላሹት» የሚል ቪዲዮ ሰው ጠቅ ያደርገዋል፣ ይከራከርበታል፣ ያጋራዋል። መድረኩ ደግሞ ሰው የሚቆይበትን ነገር ያስቀድማል። ፊልሙን ወድዶ በእርጋታ የሚተነትን ሰው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እንግዲህ አንድ ወጣት ቪዲዮ ሠሪ ከዚህ ምን ይማራል? በወደደው ነገር ላይ ሲቆጣ እንጀራ እንደሚወጣው ነዋ። ሳይቆጣም መቆጣት ይጀምራል።

ሮተን ቶሜቶስ የተባለው የፊልም ግምገማ አገልግሎት ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ገና ያልወጣ ፊልም ላይ ተመልካች አስተያየት እንዳይሰጥ የከለከለው ለዚህ ነው። ሰዎች ባላዩት ፊልም ላይ በጅምላ መጥፎ አስተያየት እየሰጡ ነበር። በ2024 የወጣው «ዘ አኮላይት» የተባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም በአንድ ሲዝን ሲቀር፣ ዋናዋ ተዋናይት አማንድላ ስቴንበርግ ስድቡ ፊልሙ ሳይወጣ፣ ገና ሊሠራ ነው ሲባል እንደጀመረ ተናግራለች። ሰው ያላየውን ነገር ሊተች አይችልም። ስለዚህ ያ የፊልም ክርክር አልነበረም።

የባለቤትነት ጥያቄ በሌላ በኩል ደግሞ ሕጋዊ ነው። ኩባንያዎች ይህን ጎን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጥቂት የስታር ትሬክ አድናቂዎች «አክሳናር» የተባለ የራሳቸውን ፊልም ለመሥራት ከሕዝብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ዲሴምበር 2015 ላይ የስታር ትሬክ ባለመብት የሆኑት ሲቢኤስና ፓራማውንት ከሰሷቸው። ጁን 2016 ላይ ለሁሉም አድናቂ ፊልም መመሪያ ወጣ፦ አንድ ክፍል ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፣ አንድ ታሪክ ቢበዛ ሁለት ክፍል ብቻ ይኖረዋል፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከ50,000 ዶላር አያልፍም፣ የሚሠራበት ሰው ደመወዝ አይከፈለውም። ክሱ ጃንዋሪ 2017 ላይ በስምምነት ተዘጋ። ኩባንያዎቹ የሕግ መብት አላቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። መመሪያው ግን ፍቅሩን በሥራ የሚገልጸውን ዓይነት አድናቂ ነው ያጠበበው። ያ ደግሞ ቴፕ የቀዳው፣ መጽሔት ያባዛው፣ በኋላም አድጎ ፊልሙን የተረከበው ዓይነት ነው።

ስለዚህ የፊልም ኢንዱስትሪውን የምጠይቀው ግልጽ ነው። አድናቂ የሠራውን ፊልም ደቂቃ የሚቆጥር ጠበቃ ያለው ኢንዱስትሪ፣ ተዋናዮቹን ለሚያሳድድ ሰውም ጠበቃ ሊኖረው ይገባል። ለተዋናይት «ስድብ ሊመጣብሽ ይችላል» ብሎ መንገር በቂ አይደለም። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት መልእክቶቿን የሚያጣራ ሰው ይመደብላት፤ ዛቻውን የሚመዘግብና ለፖሊስ የሚያደርስ ይኑር። አብሯት የሚቆም መግለጫም ቀን ሳይቆጠር ይውጣ። የባለሙያ ድጋፍ ወጪው በውሏ ውስጥ ይካተት። አድናቂ ለሚሠራው ሥራ ደግሞ ገደቡን ያላሉት።